ስም ከመስጠታችሁ በፊት፦ የጥንት እንግሊዝ መኪኖችን ከፎቶ ለመለየት ለምትጥሩ ወጣቶች

ውድ ልጆች፣

የቆየ ፎቶ እያገላበጣችሁ፣ በውስጡ የቆመውን መኪና ምንነት ለማወቅ የምትደክሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ደብዳቤው ለእናንተ ነው። ሮልስ ሮይስን ለመለየት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። የሚያስቸግሩት በኮቨንትሪ፣ በዎልቨርሃምፕተን፣ በማንቸስተር፣ በስኮትላንድና በሌሎችም ቦታዎች ተሠርተው ኋላ ከገበያ የጠፉት ናቸው፤ ካልኮት፣ ስዊፍት፣ ክላይኖ፣ ስታር፣ ቤልሳይዝ፣ ቢን፣ አንገስ ሳንደርሰን፣ አርጋይል። ዛሬ ከራሳቸው ከእንግሊዞቹ ብዙዎቹ እነዚህን ስሞች ሰምተዋቸው አያውቁም።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በስሙ አትጀምሩ። መጀመሪያ ዘመኑን፣ ቀጥሎ መጠኑን ያዙ፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንድ ስም አስቀድሞ የመጣለት ሰው በፎቶው ላይ የሚታየው ያንን ስም የሚደግፈው ምልክት ብቻ ነው፤ የሚቃረነውን ያልፈዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በዚህ ሥራ ላይ በየቀኑ ይታያል።

ፎቶውን በስካነር ስትቀዱ አትሰስቱ። የፖስታ ካርድ መጠን ያለው ከሆነ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ትንሽ የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ በ1200ና ከዚያ በላይ ቅዱት፤ ጀርባውንም ጭምር፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ብዙውን ጊዜ ከተማውን ይነግራል። ምስሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት «አጥርተው» የሚያሳድጉ ፕሮግራሞችን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። በሞዞው (በጎማው መሃል ባለው እምብርት) ክዳን ላይ ያለውን የደበዘዘ ፊደል ከራሳቸው ፈጥረው ይሞሉታል፤ እናንተም ያልነበረ ጽሑፍ ታነባላችሁ። ቀለምም አትገምቱ። እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ በብዛት ይሠራበት የነበረው ፊልም ቀይን ስለማያይ፣ ደማቅ ቀይ መኪና ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊው ደግሞ ነጣ ይላል። ፎቶው ተገልብጦ ታትሞ እንዳይሆንም እዩ። የእንግሊዝ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ መሪው በግራ ከታያችሁና ታርጋው የማይነበብ ከሆነ የወንዶቹን ኮት ተመልከቱ። የወንድ ኮት የግራው ጠርዝ በቀኙ ላይ ተደርቦ ይቆለፋል። ያ ከተገለበጠ ፎቶውም ተገልብጧል።

አሁን ወደ ዘመኑ። በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሌላ ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ውስጠኛ ጎን ተመልከቱ፤ የፍሬን ታምቡር አለ ወይስ የለም? የእንግሊዝ መኪኖች በብዛት የፊት ፍሬን ያገኙት ከ1923 እስከ 1926 ባለው ጊዜ ነው። ኦስቲን ሰቨን ገና በ1922 ሲወጣ በአራቱም ጎማ ፍሬን ነበረው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ግን አርጋይልና አሮል ጆንስተን የተባሉት የስኮትላንድ ፋብሪካዎች ቀድመው ሞክረውት ስለነበር፣ የፊት ታምቡር ያለው ነገር ግን መብራቱ የካርባይድ (በአሲታይሊን ጋዝ የሚበራ) የሆነ መኪና ካገኛችሁ ስሕተት ነው ብላችሁ አትጣሉት። እንዲያውም ዕድለኞች ናችሁ፤ ምርጫው በጣም ጠቧል። በመርገጫው ላይ የቆመ የአሲታይሊን ጋዝ ማመንጫ ቆርቆሮ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረው ዘመን ያመለክታል፤ ከ1919 በኋላ የኤሌክትሪክ መብራት የተለመደ ሆነ። በመስታወቱ ወይም በመኪናው ግራ ጎን ትንሽ ክብ ወረቀት ከታየ የግብር ምልክት ነው፤ ከ1 ጃንዋሪ 1921 ጀምሮ የተደነገገ ነውና ፎቶው ከዚያ በፊት አልተነሣም። ከጎን ብቅ የሚል የመታጠፊያ ክንድ ካለ ደግሞ 1930ዎቹ ገብተዋል።

ታርጋው ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የእንግሊዝ ታርጋ የተጀመረው ከ1904 መግቢያ አንሥቶ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ፊደልና እስከ አራት አሃዝ። ፊደሉ መኪናው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ከተማ ወይም አውራጃ ይናገራል፤ ዲ-ዩ፣ ኤች-ፒ፣ አር-ደብልዩ የኮቨንትሪ ናቸው፤ ዲ-ኤ የዎልቨርሃምፕተን፤ ቢ-ደብልዩ የኦክስፎርድሻየር፤ ኤ ለብቻዋ የለንደን። ቁጥሩ ሲያልቅ ሦስት ፊደል መጣ፤ የመጀመሪያው በስታፎርድሻየር በጁላይ 1932 የወጣው ኤ-አር-ኤፍ 1 ነው። በሦስት ፊደል ታርጋ ላይ ቦታውን የሚነግሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ፊደል እያነበቡ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሦስት ፊደል ካለ ምዝገባው ከ1932 በፊት ሊሆን አይችልም። ተቃራኒው ግን አይሠራም፤ ትንንሽ አውራጃዎች ቁጥራቸው ቶሎ ስላላለቀ በሁለት ፊደል ለብዙ ዓመታት ቀጥለዋል።

ታርጋ የሚነግራችሁ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ ፎቶው የተነሣበትን አይደለም፤ ከመኪናው ጋር ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ቦታውም የተሠራበት አይደለም። ኮቨንትሪ የተመዘገበ መኪና ግን ከፋብሪካው ለሙከራና ለማስታወቂያ የወጣ ሊሆን ስለሚችል፣ በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ያ ፊደል ሲታይ የኮቨንትሪ ፋብሪካዎችን ቀድማችሁ መርምሩ። የነጋዴዎች ጊዜያዊ ታርጋ ግን ከመኪና ወደ መኪና ስለሚዘዋወር ምንም አያስረዳም።

መጠን መለካቱን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። መኪናው በጎን የተነሣ መሆን አለበት፤ ጎማዎቹ ክብ ሆነው ከታዩ በጎን ነው፣ ሞላላ ከሆኑ ግን ተንጋዷል። የጎማውን ቁመት ከላይ እስከ ታች ለኩ፤ ከፊት ሞዞ እስከ ኋላ ሞዞ ያለውንም ለኩ። ለምሳሌ በኅትመቱ ላይ ጎማው 28 ሚሊ ሜትር፣ በሞዞዎቹ መካከል ያለው ርቀት 104 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 104 ለ28 ሲካፈል 3.71 ይሆናል። በጎማው ጎን 700×80 የሚል ጽሑፍ ከተነበበ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ሙሉ ቁመት በሚሊ ሜትር ነው፤ 3.71 ጊዜ 700 ወደ 2,600 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። የሞሪስ ኮውሊ ርቀት 8 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 2,590 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና ይስማማል። የመጀመሪያው ኦስቲን ሰቨን 6 ጫማ ከ3 ኢንች ብቻ ስለሆነ ወዲያው ይወጣል። በፎቶው ላይ ሁለቱ በዐይን ሲታዩ ግን መጠናቸው ይቀራረባል፤ በተለይ ሰው አጠገባቸው ካልቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ላይ ሰፊና ለስላሳ ጎማዎች ከመጡ በኋላ የቁጥሩ አጻጻፍ ተገለበጠ። 4.50×19 ማለት ስፋቱ 4.50 ኢንች፣ የቸርኬው ቁመት 19 ኢንች ማለት ነው፤ የጎማውን ሙሉ ቁመት ለማግኘት ስፋቱን ከላይም ከታችም ደምሩ፤ 28 ኢንች ይሆናል። ይህን ያልተረዳ ሰው 19ኙን እንደ ሙሉ ቁመት ወስዶ መኪናውን በሲሶ ያሳንሰዋል። ጎማው በክብደት ስለሚሟሽሽ ከመቶ ሦስት አራት እጅ ልዩነት ሁልጊዜ ይኖራል፤ ከዚያ በታች ባለ ልዩነት ሁለት መኪኖችን ለመለየት አትሞክሩ።

ከፎቶው ጋር ደረሰኝ፣ ማስታወቂያ ወይም በጀርባው የተጻፈ የፈረስ ጉልበት ካለ፣ ያ ቁጥር ወርቅ ነው። በእንግሊዝ ከ1921 ጀምሮ የመኪና ዓመታዊ ግብር በአንድ ፈረስ ጉልበት አንድ ፓውንድ ነበር፤ የሚሰላውም ሞተሩ በሚያወጣው ጉልበት ሳይሆን በሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋት ነው። ስፋቱ በሚሊ ሜትር በራሱ ይባዛል፣ በሲሊንደሮቹ ቁጥር ይባዛል፣ ለ1613 ይካፈላል። ኦስቲን ሰቨን 56 ሚሊ ሜትርና አራት ሲሊንደር ስላለው 7.8 ይሆናል። ፎርድ ሞዴል ቲ 22.4 ሆኖ 23 ፓውንድ ሲከፈልበት፣ 11.9 የሆነው ሞሪስ ኮውሊ 12 ብቻ ነበር የሚከፍለው፤ የእንግሊዝ ሞተሮች ሲሊንደራቸው ቀጭን፣ የፒስተናቸው ምት ረጅም ሆኖ የቀረው በዚህ ግብር ምክንያት ነው። እንደ አልቪስ 12/50 ያለ ስም ስታዩ የፊተኛው የግብር ጉልበት፣ የኋለኛው እውነተኛው ጉልበት ነው። ቁጥሩ ለብቻው ግን አይበቃም፤ ሞሪስም፣ ቢንም፣ ክላይኖም 11.9 ነበራቸው።

አሁን ራዲያተሩን ተመልከቱ። እስከ 1926 የነበረው ሞሪስ አፍንጫው ክብ ስለሆነ ከቢንና ከክላይኖ ጠፍጣፋ ራዲያተር ጋር አይምታታም፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ሞሪስም ጠፍጣፋ ሲሆን ይህ ልዩነት ጠፋ። ቮክስሆል በኮፈኑ ጫፎች ላይ የሚሄድ ቦይ አለው፤ የዳይምለር ሸንተረሮች ደግሞ በራዲያተሩ አናት ላይ ናቸው፤ ሁለቱን አታምታቱ። ከኮፈኑ ግራና ቀኝ የሲሊንደር ጫፍ ብቅ ካለ ከ1919 እስከ 1925 የተሠራው ትንሹ ሮቨር ኤይት ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ፊቱ ላይ ያለው ራዲያተር የማስመሰያ ነው። ቸርኬው ድፍን ሳህን፣ ጎማውም አየር የሌለው ቀጭን ጠጣር ላስቲክ ከሆነ ሌይላንድ በኪንግስተን ይሠራው የነበረው ትሮጃን ነው።

ቦዲውን የመጨረሻ አድርጉት። አንድ ሻንሲ በአምስት የተለያዩ ቦዲ ሠሪዎች እጅ አምስት መልክ ይይዛል፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ሌላ ቦዲ ሊጫንበት ይችላል። ኮፈን፣ ራዲያተር፣ የባሌስትራው አቀማመጥ፣ የሞዞው ክዳን፣ በኮፈኑ ላይ ያሉት የአየር መውጫ ቁርጦች ብዛት፣ እነዚህ ከፋብሪካው የወጡ ናቸው። በራዲያተሩ ላይ የተሰካ አርማ የአምራቹ ላይሆን እንደሚችልም አስቡ፤ የኤ.ኤ. (የእንግሊዝ አሽከርካሪዎች ማኅበር) አባልነት አርማ የመኪና ስም ተደርጎ የተመዘገበባቸው ፎቶዎች አሉ። ያ አርማ ግን ለዘመን ይጠቅማል፤ ክንፍ ያለው ከ1911 ወዲህ ነው።

ለእኛ አገር ፎቶዎች ሁለት ነገር ልጨምር። በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ መኪና እየነዳ ያመጣው እንግሊዛዊ ቤዴ ቤንትሌይ ይባላል፤ መኪናው ግን ሲድሊ ነበር። የነጂውን ስም አይቶ «የምኒልክ ቤንትሌይ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል፤ የቤንትሌይ ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ሁለተኛው፣ የቤተሰብ ፎቶ ጀርባ ላይ «1917» የሚል ካገኛችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መኪናው ራሱ ይመስክር። የፊት ፍሬን ታምቡርና ሰፊ ጎማ ካለው የእኛ 1917 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 የተነሣ ከሆነ 7፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8 ዓመት ጨምሩ። 1924 ወይም 1925 ይሆናል፤ ከታምቡሩም ጋር ይስማማል።

ምርጫችሁ ወደ ሁለት ሦስት ሲጠብ ወደ መዝገብ ሂዱ። በየአውራጃው ይያዙ የነበሩት የምዝገባ መዝገቦች በ1970ዎቹ ሥራው በዌልስ ወዳለችው ስዋንዚ ከተማ ሲጠቃለል ብዙዎቹ ጠፉ፤ የተረፉት በአውራጃ ቤተ መዛግብትና ድሮይትዊች አጠገብ ባለው ኪትሄድ ትረስት ይገኛሉ። ቢውሊ ያለው ብሔራዊ የሞተር ሙዚየም የፎቶና የመጽሔት ክምችት አለው፤ የኦስቲንና የሞሪስ የፋብሪካ መዝገብ ጌይደን በሚገኘው የብሪታንያ ሞተር ሙዚየም ነው። ስትጽፉላቸው ፎቶውን ብቻ ልካችሁ «ይህ ምንድን ነው?» አትበሉ። የታርጋውን ፊደል፣ የለካችሁትን ርቀት፣ ያስወገዳችኋቸውን ስሞችና ያስወገዳችሁበትን ምክንያት አብራችሁ ላኩ፤ መልሱም በዚያው ልክ ጥልቅ ይሆናል።

በመዝገባችሁ ላይ ደግሞ ሦስቱን ለያይታችሁ ጻፉ፤ በፎቶው ላይ በዐይን የታየው፣ ከልኬት የተሰላው፣ የተገመተው። «ክላይኖ፣ 1925» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ካርድ ለሚቀጥለው ሰው ምንም አይረዳም። «ጠፍጣፋ ራዲያተር፤ የፊት ታምቡር ይታያል፤ ታርጋ ዲ-ኤ፣ ቁጥሩ አይነበብም፤ ምናልባት ክላይኖ፤ ሞሪስ አይደለም፣ ራዲያተሩ ክብ ስላልሆነና ምዝገባው ከ1926 በፊት ስለሚመስል» የሚል ካርድ ግን፣ ስሙ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ የሚያርመው ሰው ከየት እንደሚጀምር ያሳየዋል።