ሠርጉ እስኪደርስ አብሮ መኖር

ጥያቄ፦ ከእጮኛዬ ጋር በአንድ ቤት መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆነን። ሽማግሌ ተልኮ ቤተሰቦቼ ፈቅደዋል፤ ሠርጉ የዘገየው ለድግሱ ገንዘብ ስላልሞላልን ነው። እንዋደዳለን፣ ሌላ ሰውም አናውቅም። መጽሐፍ ቅዱስ ዝሙት የሚለው እኛንም ይመለከታል? ድንግልናችንን ስላልጠበቅንስ በቤተ ክርስቲያን መጋባት ቀረብን ማለት ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሳትሸፋፍኚ ስለ ጠየቅሽ እግዚአብሔር ይስጥልን። አዎን፣ ይመለከታችኋል፤ ይህን የምለው ግን ፍቅራችሁን አቃልዬ አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ ያስተማራት ቆሮንቶስ የወደብ ከተማ ነበረች። በዚያ የነበሩ አንዳንድ ምእመናን «መብል ለሆድ ነው፤ ሆድም ለመብል ነው» እያሉ፣ የሥጋን ፈቃድ እንደ ረኀብ ቆጥረው፣ ሲርብ እንደሚበላ ሁሉ ይህም ያው ነው ወደ ማለት ደርሰው ነበር። ዛሬ «ተፈጥሯዊ ፍላጎት ነው» ሲባል የምንሰማው ይኸው የቆየ ነገር ነው። ሐዋርያው ሲመልስላቸው ሥጋ ርኩስ ነው አላለም፤ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው እንጂ። በዚሁ በአንደኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 7 ደግሞ ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን እንደሌላት ከተናገረ በኋላ፣ ባልም እንዲሁ በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም፣ ሥልጣኑ የሚስቱ ነው ይላል፤ ወንድ የፈለገውን ያደርግ በነበረበት ዘመን ይህ እጅግ ከባድ ቃል ነበር። እናንተ ሥጋችሁን ሰጥታችኋል፣ ይህን ሥልጣን የሚያጸናው ቃል ኪዳን ግን በመካከላችሁ የለም፤ ነገ አንዳችሁ ሻንጣ ይዞ ቢወጣ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት የገባው ቃል ስለሌለ የሚጠይቀው አይኖርም። እንዲህ ሆኖ ሕፃን ታቅፈው ብቻቸውን የቀሩ እኅቶችን አይቻለሁና ነገሩ ያሳስበኛል።

ጌታችን በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷን «አሁን ከአንቺ ጋር ያለው ባልሽ አይደለም» ሲላት እውነቱን ነገራት እንጂ አላባረራትም፤ እርሷም እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሄደች። ሥርዓተ ተክሊል፣ ሙሽሮች አክሊል የሚደፉበት የጋብቻ ሥርዓት፣ በድንግልና ለጸኑት የሚፈጸም ነው። ያልጸኑት ግን ንስሐ ገብተው፣ ቀኖናቸውን ፈጽመው፣ ሥጋ ወደሙን በአንድነት ተቀብለው በቁርባን ይጋባሉ፤ ጋብቻቸውም ክቡር ነው። ለዚህ አዳራሽም፣ የተሸለመ መኪናም፣ ቪዲዮም አያስፈልግም። ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴው መጀመሪያ ቆመው፣ ከቆረቡ በኋላ በእናት ቤት አንድ ድፎ ዳቦ የተቆረሰላቸውን ሙሽሮች አውቃለሁ። ድግሱ ገንዘብ ሲገኝ ይደረስበታል።

ስለዚህ ሁለታችሁም በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ቀኖናውን የሚሰጡት እርሳቸው ናቸውና እኔ ከዚህ ላይ መጠኑን አልወስንም። እስክትቆርቡ ድረስ ግን አንቺ ወደ ቤተሰቦችሽ ተመለሺ፤ ለእጮኛሽም ምክንያቱን ራስሽ ንገሪው።