ስለ ሕፃናት ትምህርት ከመከራከራችሁ በፊት

በትምህርት ፖሊሲ ክርክር ውስጥ ለመግባት ለምታስቡ ወጣቶች፤

ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ሲነሳ አንዱ ወገን «ለሕፃን የወጣ ገንዘብ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመለሳል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጥቅሙ ሁለት ሦስት ዓመት አይዘልቅም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በእጃቸው የያዙት ጥናት አለ፣ ጥናቶቹም እውነተኛ ናቸው። ወገን ከመያዛችሁ በፊት «የተጠኑት ልጆች ምን ዓይነት ትምህርት አገኙ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደጋፊዎች አዘውትረው የሚያነሱት በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን፣ ፔሪ የተባለውን የቅድመ መደበኛ ትምህርት ሙከራ ነው። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ልጆች ለሁለት ተከፍለው 58ቱ ትምህርቱን አገኙ። 40 ዓመት ሲሞላቸው የተማሩት ካልተማሩት የተሻለ ገቢ ነበራቸው፣ በወንጀል የታሰሩትም ያነሱ ነበሩ። ይህ ሲወራ የሚዘለለው ግን አንድ መምህር ለስድስት ልጆች ያህል መመደቡ፣ መምህራኑም በሙያው የሠለጠኑ መሆናቸው፣ በየሳምንቱም ልጁ ቤት ሄደው ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መሥራታቸው ነው። ይህን ውጤት እየጠቀሰ 40 ልጅ በአንድ ክፍል የሚያጭቅ በጀት የሚያቀርብ ፖለቲከኛ ያልገዛውን ዕቃ እያስተዋወቀ ነው።

ከተቃዋሚዎች በኩል ደግሞ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የተደረገው ጥናት ይቀርባል። 3,000 ያህል ልጆች የታዩበት ነው፤ በዕጣ ወደ ግዛቱ ቅድመ መደበኛ የገቡት፣ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ካልገቡት ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ደጋፊ ከሆናችሁ ይህን አትደብቁት። በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ግን በዕጣ ቅድመ መደበኛ የገቡት ልጆች በፈተና ውጤት ባይበልጡም ኮሌጅ የገቡት በርከት ብለው ተገኙ። ስለዚህ የፈተና ውጤት ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

ጥቅሙ ለምን ይጠፋል? አንዱ ምክንያት አንደኛ ክፍል ውስጥ ነው። ፊደል ለይቶ የመጣውም፣ ፊደል አይቶ የማያውቀውም አንድ ክፍል ገብተው መምህሩ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሚያውቀው ልጅ ወራት ሙሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ይደርስበታል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት የሁለቱ እርከን መምህራን አብረው ይቀመጡ፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚችለው በአንድ ገጽ ተጽፎ ይተላለፍ፣ የአንደኛ ክፍሉ መምህርም ልጆቹን በደረጃ ከፍሎ ያስተምር። ለቅድመ መደበኛ የሚሟገት ሁሉ ለአንደኛ ክፍል ካልተሟገተ ሥራው ግማሽ ነው።

ጥራትን በዓይናችሁ እዩት። አንድ ክፍል ገብታችሁ ለ20 ደቂቃ ጥግ ላይ ተቀመጡ። መምህሯ የሥዕል መጽሐፍ እያነበበች «ይህ ምንድን ነው?» ስትል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ውሻ!» ካሉና ገጹ ከተገለበጠ፣ ያ መደጋገም ነው። «ውሻው ለምን የተደበቀ ይመስላችኋል?» ብላ ዝም ካለችስ? ብዙ መምህራን አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ወደ ሌላ ልጅ ያልፋሉ። ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ ግን መልሱ ይረዝማል፣ ዝምተኛው ልጅም አፉን ይከፍታል። ስንት ጊዜ «ለምን» ተጠየቀ? ስንት ልጆች ለየብቻቸው ተናገሩ? መምህሯ ተንበርክካ ስንቱን ልጅ ፊት ለፊት አነጋገረች? ቀለም የተቀባው ግድግዳ ይህን አይነግራችሁም።

በጀቱንም አንብቡ፤ በተለይ የካፒታሉን (የግንባታውን) እና የመደበኛውን (በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ የሚውለውን) ወጪ ለይታችሁ። ሕንፃ ይመረቃል፣ ፎቶ ይወጣለታል፤ ለመምህር ደመወዝ፣ ለሥልጠናና ለክትትል የሚውለው ገንዘብ ግን የሚያጨበጭብለት የለውም። ቸኩሎ ማስፋፋትም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ካሊፎርኒያ በ1996 እ.ኤ.አ. የታችኞቹን ክፍሎች ተማሪ ወደ 20 ዝቅ ለማድረግ ስትነሳ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ መምህር አስፈለጋት። ብቁ ያልሆኑ ተቀጠሩ፣ ልምድ ያላቸውም ከድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ወደ ተሻሉት ተዛወሩ። ሐሳቡ ስህተት አልነበረም፤ በቴነሲ በ1985 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ የክፍል ተማሪ ብዛትን የሚመለከት ሌላ ሙከራ ከ13 እስከ 17 ልጅ ያለበት ክፍል ከ22 እስከ 25 ካለበት እንደሚሻል፣ ይበልጥም ለድሆች ልጆች፣ አሳይቷል። የጎደለው መምህሩን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነበር።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ወድቋል፣ የግሉ ይሻላል» የሚለውንም በፈተና አማካይ ብቻ አትቀበሉ። መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ውጤቱ ቢያምር አያስገርምም። ልጁ ሲገባ የት ነበር፣ ሲወጣስ የት ደረሰ? ራሳችሁ ለመመዘን ከፈለጋችሁ ከሁለተኛ ክፍል መዝገብ 20 ስም በዕጣ አውጡ። መምህሩ እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ፣ ጎበዞቹን ያመጣልና። ያልተለማመዱትን አጭር ጽሑፍ ሰጥታችሁ በአንድ ደቂቃ በትክክል ያነበቧቸውን ቃላት ቁጠሩ፣ ስለ ይዘቱም ሦስት አራት ጥያቄ ጠይቁ። ሪፖርት ስታደርጉ አማካዩን ብቻ አታቅርቡ፤ አንድም ቃል ያላነበቡት ስንት እንደሆኑ ለብቻው ጻፉ። አማካዩ እነዚያን ልጆች ይሸፍናቸዋል። ቀሪ የነበሩትንም በሌላ ቀን ተመልሳችሁ ፈትኑ፤ ከትምህርት ገበታ የሚቀረው ልጅ ማንበብ ያቃተው ሊሆን ይችላል።