ስትራክቱ ኡኖ ላይ 7 ባይት፣ ኢኤስፒ32 ላይ 12 ለሚልህ ልጅ

ወንድሜ ከአርዱዊኖ ኡኖ ወደ ኢኤስፒ32 (ሁለቱም ፕሮግራም የሚጫንባቸው ትንንሽ ቦርዶች ናቸው) የምትልከው ስትራክት፣ ማለትም 1 ባይት መለያ ቁጥር፣ 4 ባይት ሰዓትና 2 ባይት ከፍታ አንድ ላይ የያዘው የዳታ ጥቅል፣ መጠኑ ተለያየብኝ፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ተበላሽቶ ነው ወይ ላልከው ምንም አልተበላሸም፣ በናትህ አጥፍተህ እንደገና እንዳትጭነው። እኛም እዚሁ ሀዋሳ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሮቶ ውሃ ከፍታ የሚልክ ነገር ስንሠራ የገጠመን ይሄው ራሱ ነው።

1. የተለመደው ኡኖ (አር3) ባለ 8 ቢት ስለሆነ ፓዲንግ (ኮምፓይለሩ በመሃል የሚጨምረው ባዶ ባይት) አያስገባም፣ አጠጋግቶ ይደረድራል። ኢኤስፒ32 ላይ ግን ባለ 4 ባይቱ ሰዓት ለ4 የሚካፈል አድራሻ ላይ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ከ1 ባይቷ መለያ ቁጥር ቀጥሎ 3 ባዶ ባይት ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ከባለ 2 ባይቱ ከፍታ በኋላ ደሞ 2፣ ይኸው 12።

2. የመጣውን 7 ባይት በሜምኮፒ (ባይቶችን እንዳሉ በሚገለብጠው ፋንክሽን) ቀጥታ ስትራክቱ ላይ እንዳትደፋው። ተቀባዩን የሠራው ሌላ ኮንትራክተር እንደዛ ነበር ያደረገው፣ እና የሚያናድደው መለያ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ይመጣል፣ ሰዓቱ የማይሆን ቁጥር፣ ከፍታው ሁሌ ዜሮ። የሰዓቱ 3 ባይት ፓዲንጉ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፣ ከፍታው የሰዓቱ ቦታ ላይ አርፏል። ይሄን ያየ ሰው ሁሉ ሴንሰሩን ነው የሚጠረጥረው! ኃላፊው "ሮቶው ሞልቶ እያየሁት ዜሮ የሚል እቃ አመጣችሁብኝ" ብሎ ሰው ፊት አመናጨቀን፣ ላፕቶፑን ላሳይህ ስለው ዞር ብሎ እንኳን አላየም፣ ሴንሰሩን በራሳችን ብር ቀየርን አዲሱም ዜሮ፣ ክፍያችንንም ያዘብን። ጤነኛ ሴንሰር እኮ ነው ያስጣሉን፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ባይቶቹን አንድ በአንድ በሄክስ (በ16 ቤት ቁጥር) አውጥቼ ከፍታው 6ኛና 7ኛው ላይ ቁጭ ብሎ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እኮራለሁ።

ስትራክቱን ፓክድ አድርገው (ኮምፓይለሩን ፓዲንግ አታስገባ በለው) የሚሉህ ይበዛሉ፣ 7 ይሆንልሃል እውነት ነው፣ ግን ውስጡ ያለውን ቁጥር ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻውን) ለሌላ ፋንክሽን እንዳትሰጥ፣ ኮርቴክስ ኤም0 የሚባለው ፕሮሰሰር ያለው ቦርድ ላይ አድራሻው ለ4 ስለማይካፈል ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። ከትልቅ ወደ ትንሽ ብትደረድራቸው ደሞ 12ቱ 8 ይሆናል፣ ኡኖው ግን አሁንም 7 ነው የሚልከው፣ ተቀባዩን ሳይዝኦፍ (እሱ ጋ ያለው የስትራክቱ መጠን፣ 8) ያህል አንብብ ካልከው ከሚቀጥለው ፓኬት አንድ ባይት ይበላብሃል። እኔ የማምነው ባይት በባይት አንብቦ በሺፍት (እያንዳንዱን ባይት ወደ ቦታው በማንሸራተት) ቁጥሩን መገጣጠሙን ነው። የቁጥሩን ዓይነት ዝም ብለህ ኢንት ብለህም እንዳትጽፍ፣ ኡኖ ላይ 2 ባይት ነው ኢኤስፒ32 ላይ 4። ፓክዱን ከመረጥክ ሁለቱም ኮድ ላይ መጠኑ 7 ነው የሚል ስታቲክ አሰርት (ኮምፓይል ሲደረግ የሚፈተሽ መስመር) አስገባ፣ ካልገጠመ ኮምፓይል አያደርግም።

አሁን አንድ ፓኬት በሄክስ አውጥተህ እዚህ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።