ነጭ ነገር ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም

ጥያቄ፦ 60 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ 8 ኒዮን ቴትራና 5 ጋፒ ነበሩኝ። ከሳምንት ወዲህ አንዱ ጋፒ ክንፉን አጣጥፎ ጥግ ይዟል። ሁለት ኒዮኖች አፋቸው ላይ ነጭ ነገር ወጣባቸው። የቀሩትም ወደ ላይ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ። የነጭ ነጠብጣብ መድኃኒት ገዝቼ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። እንዲያውም አንድ ኒዮን ሞተ። አዲስ ዓሣ አላስገባሁም። ከዚያ በፊት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ፊልተሩ ቆሽሾ ስለነበር ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ጥርት አድርጌ ማጠቤ ብቻ ነው። ልጄ በየጠዋቱ ስለሚቆጥራቸው ጨንቆኛል። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩ ያለው «ብቻ» ብለው ያለፉት ላይ ይመስለኛል።

ስፖንጁ ላይ የሚያዩት ቡናማ ነገር ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ዓሦቹ የሚያወጡትን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እዚያ ይኖራሉ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ይፈጃቸዋል። እነሱ ሲያልቁ አሞኒያው ይጠራቀምና የዓሦቹን ስንጥብ ያቃጥላል። ያኔ ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር ያጥረዋል።

እኔ የታመመ ዓሣ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የተቸገረው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም? ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሆነ የምጠረጥረው ውሃውን ነው። ተላላፊ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ጀምሮ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። ክንፍ ማጣጠፍ ግን ብቻውን ብዙ አይነግረንም። እንደ ሰው ትኩሳት ነው፤ መታመሙን እንጂ ምን እንዳመመው አይናገርም።

ስለዚህ ዛሬውኑ አሞኒያና ናይትራይት ይለኩ። ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። ውጤቱን ሳይጠብቁ ሲሶውን ውሃ ይቀይሩ፤ የሚጨምሩት ክሎሪኑ የወጣለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ለሁለት ቀን ምግብ ያቁሙ፤ አይጎዳቸውም። መድኃኒቱንም ይተዉት። ስፖንጁን ወደፊት ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃዋል።

አሁን ወደ አፋቸው እንምጣ። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰ ያስመስላል። ፍሬዎቹ ሰውነቱና ክንፉ ላይ ተበትነው አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የእርስዎ ኒዮኖች እንደዚያ አይደሉም። አፍ ላይ ብቻ የተለጠፈ፣ ጥጥ የሚመስል ነገር ከሆነ ኮለምናሪስ የሚባለውን እጠረጥራለሁ። ብዙ ሰው ፈንገስ ነው ይለዋል፤ ባክቴሪያ ነው። የነጭ ነጠብጣብ መድኃኒት የተሠራው ለጥገኛ ተውሳክ ስለሆነ እዚህ ላይ ተስፋ አይጣልበትም።

አደራ፣ የውሃውን ሙቀት ከፍ እንዳያደርጉ። ለነጭ ነጠብጣብ የሚመከረው ይህ ዘዴ ኮለምናሪስን ያፋጥነዋል። እኔም አንድ ጊዜ ሁለቱን ሳልለይ ማሞቂያውን 30 ዲግሪ ላይ አድርጌ ተኛሁ። በሁለት ቀን ውስጥ 6 ኒዮን አጣሁ። ያ ቅዳሜ ጠዋት ዛሬም ያሳዝነኛል። ሁለቱን ኒዮኖች ለይተው ሌላ ዕቃ ውስጥ ያድርጓቸው፤ አየር መንፊያም ይግባላቸው። አንቲባዮቲክ ካስፈለገ የእንስሳት ሐኪም ይዘዘው።

ማታ የገንዳውን መብራት አጥፍተው ባትሪ ከጎን ያብሩባቸው። ወርቃማ አቧራ የመሰለ ነገር ቆዳቸው ላይ ካዩ ሌላ ተውሳክ አለ ማለት ነው፤ ቀን ላይ በቀላሉ አይታይም። ኒዮኖቹ ግን በጨለማ ቀለማቸው ደብዝዞ ቢያገኟቸው አይደንግጡ። ሲተኙ እንደዚያ ናቸው፤ መብራት ሲበራ ይመለሳል።

ልጅዎ እጁ ላይ ጭረት ካለ ውሃው ውስጥ አይክተት። ከዓሣ ወደ ሰው ቆዳ የሚያልፍ ባክቴሪያ አለ። ሲቆጥር ግን ደስ ይላል፤ አንድ ሥራ ይጨምሩለት። መመገብ ሲጀምሩ ማን ሮጦ እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ይጻፍልዎ። የሱን ወረቀትና የለኩትን ቁጥር አብረው ይላኩልኝ፤ ከዚያ ስለ ጋፒው እናወራለን።