ኦንላይን ለምታሠለጥኑ ልጆች፦ ውላችሁን አውጡና አንብቡት

ልጆች፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት የኢንሹራንስ ውል በማንበብና የካሳ ጥያቄ በመመርመር ነው። ኮሮና ጂሙን ሲዘጋው ብዙዎቻችሁ ስልካችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ዮጋና ስፖርት ማስተማር ጀመራችሁ፤ ጂሙ ሲከፈትም አልተዋችሁትም። ጎበዞች! የሚያሳስበኝ ኢንሹራንሳችሁ ነው፤ የብዙዎቻችሁ እዚያው ጂም ውስጥ እንደቀረ ነው።

"ስቱዲዮው ኢንሹራንስ አለው እኮ" ትሉኝ ይሆናል። አለው፣ ግን ቤታችሁ ሆናችሁ በራሳችሁ ስም የምትሰጡትን ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። የራሳችሁ ውል ካላችሁ ደግሞ ምን እንደሚሸፍን እዩ። ተማሪ ወለላችሁ ላይ ተንሸራቶ ቢወድቅ የሚከፍለው አንዱ ሽፋን ነው፣ በሰጣችሁት መመሪያ ምክንያት ቢጎዳ የሚከፍለው ሌላ፤ ይሄኛው የሙያ ኃላፊነት ይባላል፣ ኦንላይን ለሚያስተምር ሰው ዋናው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው። በቀጥታ ስታስተምሩ ተማሪዋን ታያላችሁ፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ "ቆይ፣ አስተካክይው" ትላላችሁ፣ እሷም ካሜራዋን ካላጠፋች ማለት ነው። የተቀዳው ቪዲዮ ላይ ግን አንገቷን የሚያማት ሴት በጭንቅላት መቆም ብትሞክር "ተይ" የሚላት የለም። ለዚህ ነው አንዳንድ ውሎች የቀጥታውን ሸፍነው የተቀዳውን የሚተዉት። ተመልካቹ ያለበት አገርም ለውጥ ያመጣል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የሚነሳ ክስን የማይሸፍን ውል ብዙ ነው፣ እዚያ የጠበቃ ወጪውም ካሳውም ከባድ ስለሆነ፤ ቪዲዮው ደግሞ ድንበር አያውቅም።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ውል የሚከፍለው የካሳ ጥያቄው በቀረበበት ቀን ውሉ በሥራ ላይ ካለ ብቻ ነው። ማስተማር አቁማችሁ አረቦን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) መክፈል ብታቆሙ፣ ከዓመታት በፊት የጫናችሁት ቪዲዮ ግን እስካሁን ይታያል፤ በእሱ የተጎዳ ሰው ቢመጣ ያለ ሽፋን ትቀራላችሁ። ስለዚህ ከማቋረጣችሁ በፊት ለኋለኛው ጊዜ የሚሆን ሽፋን መኖሩን ጠይቁ፣ ከሌለም ቪዲዮዎቹን ከኢንተርኔት ላይ አንሱ።

ለኩባንያው በጽሑፍ ጠይቁ፣ በስልክ አይሁን። "ዮጋና ፒላቲስ በቀጥታና በተቀዳ ቪዲዮ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ በእነዚህ አገሮች ናቸው፣ ይሸፈናል ወይ?" በሉ። የምታስተምሩትን ዓይነት አንድም ሳታስቀሩ ጥቀሱ፤ ውሉ ላይ ያልተጻፈ፣ ወይም የምስክር ወረቀት የሌላችሁ ስልጠና ላይ ጉዳት ቢደርስ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል።

ተማሪ ሲመዘገብ የጤና መጠይቅ አስሞሉ፣ አስቀምጡትም። "ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ አይደለንም" የሚለው ጽሑፍ ይጠቅማል፣ ግን አትመኩበት፤ በቸልተኝነት ለመጣ የአካል ጉዳት ያለባችሁን ኃላፊነት በብዙ አገር ሕግ በፊርማ ማስቀረት አይቻልም።

ተጎዳሁ ብላ ተማሪ ከጻፈችላችሁ ደግሞ በደንብ ጠይቋት፣ አይዞሽ በሏት። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ" ግን አትጻፉ፤ ውሉን ሊያበላሽባችሁ ይችላል። መልእክቷንም ቪዲዮውንም ሳትሰርዙ፣ በዚያው ቀን ለኩባንያው አሳውቁ።