ሴቲንግ ከተቀየረ በኋላ ያጣኋቸውን ፎቶዎች እንዴት ላግኛቸው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች። እኔ ባሕር ዳር የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። በቅርቡ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት፣ 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ ገዝቼ የዐሥራ ሁለት ዓመት ፎቶዎቼን ከአሮጌው ኮምፒውተር ገለበጥኩበት፤ አሮጌው ከዚያ በኋላ ተሽጧል። በጥር 2012 ዓ.ም. የተፈጸመው የልጄ ሠርግ፣ በየዓመቱ ጣና ዳር ያነሳናቸው የጥምቀት ፎቶዎች፣ ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ ስንሄድ የተነሳናቸው፣ ሁሉም ተደምረው 40 ጊጋባይት ያህል ይሆናሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ለዕረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ፣ የሞባይል ዳታ ጥቅሌ በሁለትና በሦስት ቀን እያለቀ መቸገሬን አይቶ፣ «ፎቶዎቹን ወደ ኢንተርኔት እየላከ ዳታውን የሚጨርሰው ዋንድራይቭ የሚባለው ፕሮግራም ነው» አለኝና ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አቆመው። እውነትም ዳታው እንደ በፊቱ ማለቁን ተወ፤ ነገር ግን በማግሥቱ የፒክቸርስ ፎልደሩን ስከፍት ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ዴስክቶፑ ላይ የነበሩት ፋይሎችም የሉም፤ ከጀርባ ያደረግኩት የጣና ምስል ብቻ እንደነበረ አለ። ሪሳይክል ቢን ውስጥም ምንም የለም። የሲ ድራይቭን መጠን የሚያሳየው መስመር ግን ፎቶዎቹን ከገለበጥኩ ጀምሮ ቀይ ነበር፤ አሁንም ቀይ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ እንቅልፍ የነሳኝ የአባቴ ፎቶ ነው። በ1960ዎቹ ከዘጌ በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ሲመጣ የተነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነበረን። ወረቀቱ በእርጥበት ጨርሶ ሳይበላሽ በ2009 ዓ.ም. ስካን አስደርጌው፣ ዘወትር እንዳየው ብዬ ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጬው ነበር። ያማከርኩት ባለሙያ «ፎርማት ተደርጎ በሪከቨሪ ሶፍትዌር ይወጣል» ብሎኛል። ልስጠው ወይስ ልተው?

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

የተከበሩ መምህርት፣ ላፕቶፑን ለፎርማት፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ እንዲዘጋጅ፣ አይስጡ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤ ፎቶዎቹ ተሰርዘዋል የሚያሰኝ አንድም ምልክት አላገኘሁበትም፤ እንዲያውም እርስዎ በጥንቃቄ አይተው የጻፏቸው ነገሮች ፎቶዎቹ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ፣ በሌላ ፎልደር ተቀምጠው እንዳሉ የሚመሰክሩ ናቸው።

ዋናው ምስክር ያ ቀይ መስመር ነው። ዊንዶውስ መስመሩን ቀይ የሚያደርገው በድራይቩ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ነው። 128 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጠው ዲስክ በዊንዶውስ ውስጥ ሲታይ 119 ጊጋባይት ገደማ ስለሚሆን፣ በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ከ12 ጊጋባይት አይበልጥም ማለት ነው። 40 ጊጋባይት ፎቶ በእርግጥ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ የዲስኩ ሲሶ ያህል ክፍት ይሆንና መስመሩ ወደ ሰማያዊ በተመለሰ ነበር። አልተመለሰም፤ ስለዚህ ፎቶዎቹ ቦታቸውን እንደያዙ ናቸው።

ከጀርባ ያለው የጣና ምስል አለመለወጡም ጠቃሚ ነገር ይነግረናል። የእህትዎ ልጅ ሳያስበው አዲስ የመግቢያ አካውንት ከፍቶልዎት ቢሆን ኖሮ ምስሉም አብሮ በተቀየረ ነበር፤ ስለዚህ የገቡት በዚያው በቀድሞው አካውንትዎ ነው። ደግሞም ፒክቸርስና ዴስክቶፕ በአንድ ቀን አብረው ባዶ መሆናቸው በአጋጣሚ የሚደርስ አይደለም፤ የዋንድራይቭ ባክአፕ ሲቆም በተለምዶ የሚታይ ምልክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባክአፕ ሲባል ዋናው ፋይል በነበረበት ሆኖ ሌላ ቅጂ የሚወሰድለት ይመስለናል። ዋንድራይቭ ግን ባክአፕ ሲበራለት ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን በላፕቶፑ ላይ እንዳሉ ወደ ራሱ ፎልደር ያዛውራቸዋል፤ እርስዎ «ፒክቸርስ» የሚለውን ሲጫኑ የሚከፈተውም ይኸው የተዛወረው ፎልደር ነው። ባክአፑ ሲቆም ደግሞ ያ ስም ተመልሶ የጥንቱን ፎልደር ማመልከት ይጀምራል፤ ፋይሎቹ ግን በተዛወሩበት ይቀራሉ። ተማሪዎች ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው መምህርቷ ሳትሰማ ወደ ቀድሞው ክፍል ብትገባ ባዶ ወንበር እንደሚጠብቃት ማለት ነው። የእህትዎ ልጅ ዳታውን የሚጨርሰው ምን እንደሆነ በትክክል አውቆታል፤ ፋይሎቹን ወደ ቦታቸው የመመለሱ ሥራ ብቻ ነው የቀረው።

ፎቶዎቹን ለማግኘት የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የላቲኑን «ኢ» ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ በስተግራ የሚታየውን «ፒክቸርስ» አይንኩት፤ እሱ መልሶ ወደ ባዶው ፎልደር ይወስድዎታል። ከዚያ ይልቅ «ዚስ ፒሲ»ን፣ ቀጥሎ ሲ ድራይቭን፣ ቀጥሎ «ዩዘርስ»ን ይክፈቱ። እዚያ ውስጥ የእርስዎን ፎልደር ያገኛሉ፤ ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲዘጋጅ በኢሜይል የተገባበት ከሆነ የፎልደሩ ስም የኢሜይል አድራሻዎ የመጀመሪያ አምስት ፊደላት ሊሆን ስለሚችል፣ ስሙ ተቆራርጦ ቢያዩት አይደናገጡ። እሱን ሲከፍቱ «ፒክቸርስ» ይታያል፤ ያ ባዶው ነው። «ዋንድራይቭ» የሚለውን ሲከፍቱ በውስጡ ሌላ «ፒክቸርስ»፣ ሌላ «ዴስክቶፕ» እና ሌላ «ዶክመንትስ» ያገኛሉ። ፎቶዎችዎ እዚያ እንዳሉ እጠብቃለሁ።

እዚያ ካገኟቸው ለማዛወር አይቸኩሉ። ከማናቸውም ነገር በፊት በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ ያድርጓቸው፤ «ከት» ሳይሆን «ኮፒ»። ፋይል እየተዛወረ ሳለ ዲስኩ በድንገት ቢነቀል ወይም ላፕቶፑ ቢጠፋ የትኛው ተሻግሮ የትኛው እንደቀረ ለመለየት ስለሚያስቸግር፣ መብራት በሚመላለስበት ቀን ባትሪውን ሞልተው መጀመር ይኖርብዎታል። ኮፒው ሲያልቅ ሁለቱንም ፎልደሮች በየተራ በቀኙ የማውስ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»ን ይክፈቱና የፋይሎቹ ብዛትና መጠን አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ይህን ማመሳከር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እርስዎ ግን እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ። የሠርጉ ቪዲዮ አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነና ፍላሹ ወይም ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው አሮጌ የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ከሆነ አልቀበልም ይላል፤ ጥፋቱ የቪዲዮው ስላልሆነ በኤክስፋት የተዘጋጀ ሌላ ዲስክ ይጠቀሙ።

ከኮፒው በኋላ በዋንድራይቭ ውስጥ ያለውን ወደ ጥንቱ ፒክቸርስ ማዛወር ይችላሉ። ዋንድራይቭ እየሠራ ሳለ ከፎልደሩ የሚወጣ ፋይል ከኢንተርኔቱም ላይ እንደሚነሳ ግን ይወቁ፤ መጀመሪያ ኮፒ ያድርጉ ያልኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በተባለው ቦታ ካጧቸው «ሲ ድራይቭ»ን ከፍተው በላይኛው ቀኝ ጥግ ባለው መፈለጊያ ላይ የኮከብ ምልክት፣ ነጥብ፣ ከዚያም «ጄ»፣ «ፒ»፣ «ጂ» የሚሉትን የላቲን ፊደላት ሳይነጣጠሉ ይጻፉ፤ ጊዜ ቢወስድም በድራይቩ ላይ ያሉትን የጄፔግ ፎቶዎች ይዘረዝርልዎታል። ዝርዝሩን በቀን ሲያስተካክሉ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያስቡ፤ የልጅዎ የሠርግ ወር ጥር 2012 ዓ.ም. በእነርሱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2020 ድረስ ነው። «2012» ብለው የፈለጉ እንደሆነ ከሠርጉ ብዙ ዓመት የቀደሙ ፎቶዎችን ነው የሚያመጣልዎት።

ከፋይሉ አጠገብ የደመና ምልክት ካዩ ያ ፎቶ በላፕቶፑ ላይ ስሙ ብቻ እንዳለና ምስሉ ግን በኢንተርኔት ላይ እንደሆነ ይወቁ፤ አረንጓዴ ምልክት ካለው በላፕቶፑም ላይ አለ። ዋንድራይቭ በነፃ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ከ40ው ጊጋባይት አብዛኛው ወደ ኢንተርኔት የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ሆኖም በዋንድራይቭ ድረ ገጽ ላይ በአካውንትዎ ገብተው ያለውን ይመልከቱ፤ በተለይ እዚያ ያለውን ሪሳይክል ቢን ይክፈቱ፤ በግል አካውንት የተሰረዘ ፋይል እዚያ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ሴቲንጉ ከተቀየረ ሦስት ሳምንት ስላለፈ ይህን በዚህ ሳምንት ማድረጉ ይሻላል።

አሁን ወደ ባለሙያው ምክር ልመለስ። ፎርማት ማድረግ ፎቶ የማውጫ መንገድ አይደለም። በአሮጌው፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ስለሚቆይ፣ እንደ ፎቶሬክ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ዲስኩን እያነበቡ የጄፔግ ፋይል የሚጀምርበትን ምልክት በመለየት፣ ምንም እንኳ የፋይሉን ስም ባያስቀሩም፣ ፎቶውን መልሰው ሊያወጡት ይችላሉ። ኤስኤስዲ ግን ትሪም በሚባለው አሠራር የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው፣ የእርስዎ ላፕቶፕ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፎቶዎቹን የማግኘት ተስፋው እጅግ ያነሰ ነው። በሰላም የተቀመጠ ፋይል አጥፍቶ እንደገና ለመፈለግ መነሳት አያስፈልግም። ፎቶዎቹ በሁለት ቦታ መኖራቸውን በዓይንዎ እስኪያረጋግጡ ድረስ በላፕቶፑ ላይ አዲስ ፕሮግራም እንዳይጭኑ፣ ዲስክ የሚያጸዳ መሣሪያም እንዳያስነሱ እለምንዎታለሁ። እስከ መጨረሻው ያላገኟቸው ፎቶዎች ቢኖሩ ግን የካሜራዎን ሚሞሪ ካርድ ያስታውሱ፤ አዲስ ፎቶ ካልተነሳበት፣ ፎርማት የተደረገ ካርድ እንኳ በፎቶሬክ ሲነበብ ብዙውን ጊዜ ፎቶዎቹን መልሶ ይሰጣል። የሚወጣው ፋይል ሁልጊዜ በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

የዳታው ጉዳይ የራሱ መፍትሔ አለው፤ ለእህትዎ ልጅ በስልክ ቢነግሩት በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ከሚለው ገብቶ፣ ላፕቶፑ ከስልክዎ ኢንተርኔት የሚያገኝበትን ዋይፋይ መርጦ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብራው። ዋንድራይቭ እንዲህ ባለው መስመር ላይ ሲሆን መላኩን በራሱ ይገታል፤ ዊንዶውስም አንዳንድ ማሻሻያዎችን ማውረዱን ያዘገያል። የሚበራው ለዚያ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ወጪ የማያሳስብበት ሌላ ዋይፋይ ሲያገኙ ሥራው እንደ ልማዱ ይቀጥላል።

የአባትዎን ፎቶ ለመጨረሻ ያቆየሁት አሳንሼው አይደለም። ያስቀመጡት ዴስክቶፑ ላይ ስለነበረ በፒክቸርስ ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም፤ የሚገኘው በዋንድራይቭ ውስጥ ባለው «ዴስክቶፕ» ነው። ስካነሩ የሰጠውን ስም ካልቀየሩት በ«ስካን» ጀምሮ ቁጥር የተከተለው ሊሆን ይችላል፤ የፋይሉ ቀንም ፎቶው የተነሳበትን ዘመን ሳይሆን ስካን የተደረገበትን ወይም ወደ አዲሱ ላፕቶፕ የተገለበጠበትን ስለሚያሳይ በ1960ዎቹ አይፈልጉት። ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድመው እሱን ይክፈቱ። ሲያገኙት ሁለተኛ ቅጂ እንዲኖር ለእህትዎ ልጅ በቴሌግራም ይላኩለት፤ ሲልኩ ግን «ፎቶ» በሚለው ሳይሆን «ፋይል» በሚለው ይሁን፤ በፎቶ የሚላከውን ቴሌግራም ስለሚጨምቀው የታንኳው ደንገልና የአባትዎ ፊት ደብዝዞ ይደርሰዋል።