«እዚህ ቤት ጸሎት ቅጣት ነው» ላለች ልጅ እናት

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። የ14፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉን። ሁለታችንም መንዝ ተወልደን፣ ዳዊት ሲደገም እየሰማን ያደግን ነን። አሁን ግን ማታ ማታ አምስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ ሁሉም በየስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ አንድ ቁም ነገር ሳንነጋገር እንተኛለን። ዕቁብ ሲደርሰን የገዛነው ትልቅ ቴሌቪዥን ደግሞ ማንም ሳያየው ሲጮኽ ያመሻል። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ቆረጥኩና ቴሌቪዥኑን ጠቅልዬ አስቀመጥኩ፤ የልጆቹን ስልክ ነጠቅሁ፤ ያጠፋ ልጅም ከዳዊት አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ እንዲያነብ ደነገግሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ እዚህ ቤት ጸሎት ቅጣት ነው» አለችኝ። ባለቤቴም «ዘመኑን ሸሽተሽ የት ትደርሻለሽ?» ይለኛል። እኔ ግን ሥራዬን ለቅቄ፣ ልጆቼን ይዤ መንዝ አማቴ ዘንድ ልግባ እያልኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት የልጅዎን ቃል ነው። መራራ ቃል ነው፤ ነገር ግን በልቧ ይዛው ልታድግ ስትችል ፊት ለፊት ነግራዎታለችና፣ ልጅዎ ገና ከእርስዎ እንዳልራቀች ያሳየኛል። ስለዚህ ስለ ስልኩም ስለ መንዝም ከመነጋገራችን በፊት ከዚህ እንጀምር።

በአገራችን የአብነት ትምህርት ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳውን አልፎ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ ዳዊት እስኪደርስ ድረስ የሚሄድበት መንገድ ረጅም ነው። 150ውን መዝሙር፣ በ15 ንጉሥ የተከፈለውን ማለት ነው፣ ደግሞ ሲጨርስ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሱለት ነበር። «ልጄ ዳዊት ደገመ» የሚለው ወሬ የእናት ኩራት ነበረ። በዚያ ሥርዓት ዳዊት ልጅ የሚደርስበት ማዕረግ ነው፤ በእርስዎ ቤት ግን ሳያስቡት የጥፋት መቀጮ ሆነ። ልጅ ደግሞ የተቀጣበትን ነገር እየወደደ አያድግም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራዎ ይህን ድንጋጌ መሻር ነው፤ በዝምታ ሳይሆን ሦስቱንም ልጆች ሰብስበው «ዳዊትን መቀጫ ማድረጌ ስሕተት ነበር፤ ይቅር በሉኝ» ብለው ይሻሩት። እናት ልጆቿን ይቅርታ ስትጠይቅ ክብሯ የሚቀንስ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ አላምንበትም፤ ልጆች ንስሐ ምን እንደሆነ መጀመሪያ የሚማሩት ከዚህ ነውና።

እኔም ያደግሁት በዚያው በመንዝ፣ በሞላሌ አካባቢ ነው። አባቴ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በኩራዝ ብርሃን ዳዊቱን ይደግም ነበር። አንድም ቀን «ተነሡና ጸልዩ» ብሎን አያውቅም። እኛ በባናችን ውስጥ ተጠቅልለን፣ የመንዝን ውርጭ ፈርተን፣ ድምፁን እየሰማን መልሶ እንቅልፍ ይወስደን ነበር። ዛሬ ከማስታውሳቸው መዝሙራት የሚበዙት ያን ጊዜ በእንቅልፍ ልብ የሰማኋቸው ናቸው። ማታ ደግሞ እናቴ ሱፍ ስትፈትል ሁላችን እሳቱን ከበን ቆሎ እየቆረጠምን እንቀመጥ ነበር፤ እሳቱ አንድ ብቻ ስለነበረ ከእርሱ ርቆ የሚቀመጥ አልነበረም። ይህን የማነሣው ያለፈው ሁሉ መልካም ነበረ ለማለት አይደለም፤ ያ ቤት ችግርም ረኀብም የሚያውቅ ቤት ነበር። ነገር ግን የቤታችን ሰዎች ፊታቸውን የሚመልሱበት አንድ ስፍራ ነበራቸው። የእርስዎ ቤት ያጣው ይህን ይመስለኛል።

ስለ ስልኩ ባለቤትዎ በግማሽ ልክ ናቸው፤ ዘመኑን መሸሽ አይቻልም። ሆኖም ዘመኑ የቤቱን ሰዓት ሁሉ ይውሰድ ማለት አይደለም። ቲክቶክን፣ ዩቲዩብንና የመሳሰሉትን የሠሩ ሰዎች አንዱ ምስል ሲያልቅ ሌላው ሳይጠየቅ እንዲከተል፣ ሰውም ማብቂያ እንዳያገኝ አስበው ነው የሠሯቸው፤ ገቢያቸው የሚመጣው ሰው በቆየበት ልክ ማስታወቂያ በማሳየት ነውና። ከዚህ ጋር የ9 ዓመት ሕፃን ብቻውን እንዲታገል መተው ፍርድ አይደለም። ደግሞም ከልጆቹ ስልክ ነጠቅሁ ሲሉ፣ የራስዎንና የባለቤትዎን ስልክ ምን እንዳደረጋችሁት አልጻፉልኝም። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት የወላጆች ስልክ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማዎን ደብረ ብርሃን ብለው የሰየሙት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑን ያውቃሉ። በእኒሁ ንጉሥ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450፣ በዚሁ በሸዋ ምድር በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደርጎ ነበር፤ በዚያ ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና እንድትከበር ተወሰነ። ከዚያ በፊት የቅዳሜን ሰንበት ያከብሩ የነበሩ መነኮሳት ስለ እርሷ ብዙ መከራ ተቀብለዋል። አባቶቻችን ሥራ ስለሚቆምበት ቀን ይህን ያህል መከራከራቸው እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ማረፍ የእምነት ነገር መሆኑን ያውቁ ነበርና። በመንዝ ያደገ ሰው በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔዓለም፣ በ29 ለበዓለ ወልድ ገበሬው በሬውን እንደማይጠምድ፣ ሴቲቱም እንደማትፈጭ ያስታውሳል። የገጠሩን ኑሮ ቀላል አድርጎ ያቆየው ድህነቱ ነው ብለን እንዳንሳሳት እሰጋለሁ። ድህነት ኑሮን ከባድ እንጂ ቀላል አያደርግም። ያቆየው ይህ የማቆም ሥርዓት ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ እጁን ከሥራ ያነሣ ነበር። ከተማ ስንገባ ጾሙን ይዘን መጣን፤ ዝክሩንም ይዘን መጣን፤ ማቆሙን ግን እዚያው ትተነው የመጣን ይመስለኛል።

ስለዚህ ምክሬ ከቤትዎ ነገር እንዲያወጡ ሳይሆን አንድ ሰዓት እንዲያስገቡ ነው። ከባለቤትዎ ጋር ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ተመካከሩና፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል የቤቱ ሰዓት ይሁን። በዚያ ሰዓት የሁላችሁም ስልክ፣ የእናትና የአባት ቀድሞ፣ በር አጠገብ በተቀመጠ አገልግል ውስጥ ይግባ። ከፋብሪካ ጥሪ ሊመጣ ስለሚችል የባለቤትዎ ስልክ ድምፁ ክፍት ይሁን፤ ለሚደወል ጥሪ መነሣት ስልክ ይዞ ከመቀመጥ የተለየ ነው። ራት በጋራ ከተበላ በኋላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አንብቡ፤ ጸሎቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ ለአንድ ምሽት አይከብድም። ንባቡን አንድ ቀን አባት፣ አንድ ቀን እናት፣ ከፈቀደች ብቻ አንድ ቀን ትልቋ ልጅ ትምራው። ትንሹ ልጅ «አባታችን ሆይ»ን አብሮ ካለ ይበቃዋል። እባክዎ አያስረዝሙት። ልጆቹ «አለቀ እንዴ?» ሲሉ ማቆም፣ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እስኪሉ ከመቆየት ይሻላል። የቀረው ሰዓት የጨዋታ ነው፤ ቡናው ይፈላ፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ልጅ የዋለበትን ሳያወራ አይቀርም። የ14 ዓመቷ ልጅዎ ለትምህርት የሚላክላትን ጽሑፍ በቴሌግራም የምታገኝ ከሆነ፣ ከዚያ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ታግኘው፤ የትምህርቷ መሣሪያ ከእርሷ አይወሰድ። ቴሌቪዥኑንም ከጠቀለሉበት አውጡት፤ ነገር ግን ከምትበሉበት ክፍል ይውጣ።

ባለቤትዎ የማታ ፈረቃ በሚገቡበት ሳምንት ሰዓቱ እንዳይፈርስ፣ ከመውጣታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ እንኳ አብራችሁ ቆሙ። አባት ለጸሎት ቆሞ ያየ ልጅ እናቱ ብቻዋን ከምትነግረው ይልቅ ያምናል።

ጾምን በተመለከተ በደብዳቤዎ ባያነሡትም ስለምጠረጥር ልጨምር። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም የ5 ዓመት ልጅ የሚገደድበት አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጆች ከ7 ዓመት ጀምሮ ጾም ይለማመዳሉ፤ የ9 ዓመቱም ቢሆን እንደ ጉልበቱ፣ ሰዓቱን ቀስ በቀስ እያራዘመ ይሂድ። በዚህ ጉዳይ የንስሐ አባታችሁን ወደ ቤት ጥሩ። ጸበል ረጭተው፣ ከልጆቹም ጋር ተጫውተው ቢሄዱ፣ ልጆቹ ቄስ የሚያውቁት በዐውደ ምሕረት ላይ ብቻ አይሆንም።

መንዝ ገብቼ ልኑር ስላሉት ግን አልስማማም። ባለቤትዎን ከልጆቻቸው የሚለይ ኑሮ፣ በእምነት ስም ቢሆንም፣ ቤትን አያቀልም። የእርስዎ ደመወዝም የልጆቹ እንጀራ ነው። አማትዎ ዘንድ ውኃ መቅዳቱ፣ ኩበት መልቀሙ፣ ከብት መጠበቁ በእኒያ እናት ትከሻ ላይ ያለ ሸክም ነው፤ በዚያ ላይ አራት ሰው መጨመር ለእርሳቸው ዕረፍት አይሆንም። ስልኩም ቢሆን ዛሬ መንዝ ያልደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው።

ይልቁንስ ልጆቹን ለፍልሰታ ይላኳቸው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገብቶ በ16 ይፈታል፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሕዝቡም የሕፃናት ጾም እያለ የሚጠራው ስለሆነ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ጋር ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ ቀን ከአያታቸው ጋር ውለው፣ በ13 ቡሄ ሲመጣ ደግሞ ከመንደሩ ልጆች ጋር «ሆያ ሆዬ» ብለው ሙልሙል ይሰበስባሉ። እርስዎም የዓመት ፈቃድዎን ለዚያ ጊዜ አስቀምጠው ከተቻለ አብረው ይሂዱ። ለአማትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ስንቅ፣ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። የነሐሴ ብርድ በዚያ አገር ክፉ ነውና ለትንሹ ልጅ ወፍራም ሹራብና የጭቃ ቦቲ አይርሱ።